ሳላስፈቅድ የወሰድኩት ሸክላ ድስት

ማክሰኞ ነበር፤ በጥቅምት ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ስቶክሆልም ዳር፣ ዩልስታ ሰፈር በምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ሁላችንም ትቬትስቱጋ በምንለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነጩን ከባለቀለሙ እየለየሁ ነበር። የተመዘገብኩበት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ድረስ ነው። ልብሴን እየቆጠርኩ የማጥብ ሰው ነኝ፤ ስጨርስም እቆጥራለሁ። ያን ዕለት ግን የውስጥ ልብሶቼን አንድ፣ ሁለት እያልኩ ወደ ማሽኑ ስከት እጄ መሃል ላይ ቆመ። ከመጋቢት ወዲህ በቀዝቃዛ ውሃ ቀድሜ የዘፈዘፍኩት አንድም ልብስ እንደሌለ ያኔ ገባኝ።

ቁጥሩን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። በስታቲስቲክስ ተመርቄ ለሁለተኛ ዲግሪ ስቶክሆልም የመጣሁ ሰው ነበርኩ፤ የወር አበባዬን ቀን ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ በትንሽ ደብተር እይዛለሁ። ከመጋቢት በኋላ ያሉት ገጾች ባዶ ነበሩ። በየወሩ እያየሁ፣ "በሚቀጥለው ይመጣል" እያልኩ ዘግቼዋለሁ። ደብተር ይዘጋል። ያ የልብስ ክምር ግን የሚዘጋ አልነበረም፤ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ያየኛል።

ሰባት ወር። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከወንድ ጋር ኖሬ ስለማላውቅ እርግዝና አይደለም። እርግዝና ካልሆነ ምን እንደሆነ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። ለእናቴ በየወሩ እጽፋለሁ፤ "ጤናዬ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ከሚለው ግን አልፌ አላውቅም። የአባቴ እኅት ደሟ ገና በወጣትነቷ ቀርቶ፣ ሳትወልድ ነው የኖረችው። በልጅነቴ እሷ ከክፍሉ ስትወጣ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ አይ ነበር። እኔ ስወጣ ዝቅ የሚል ድምፅ ነበር የሚያስፈራኝ። ልጅ እፈልግ ነበር። ይህንንም ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

እሑድ እሑድ ቅዳሴ እሄዳለሁ። በእኛ ልማድ ሴት ደሟ ላይ ሳለች ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ በዚያ ሳምንት የምትቀርን ሴት ማንም ምክንያት አይጠይቃትም። ለእኔ ግን ሰባት ወር ሙሉ የሚያስቀረኝ እሑድ አልመጣም። ሰው ያስተውላል ብዬ፣ ልክ እንደመጣብኝ ሁሉ፣ በወር አንድ እሑድ ቤት መዋል ጀመርኩ። ደብተሬን ከፍቼ መምጣት የነበረበት ቀን የሚውልበትን ሳምንት እመርጣለሁ። ከቀረሁባቸው እሑዶች በኋላ አንድም ሰው "ባለፈው የት ነበርሽ?" ብሎኝ አያውቅም። ሰው ይቆጥረኛል ብዬ ስጠነቀቅ፣ የሚቆጥረኝ እንደሌለ ያወቅሁት በዚሁ ነው።

ማስታወቂያውን ያየሁት ሁለተኛውን ማሽን ስሞላ ነው። በሰሌዳው ላይ፣ ከሚሸጥ ሶፋና ከጠፋች ድመት መካከል፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ የቻይና ባህላዊ ሕክምና፣ ለሴቶች፣ የወር አበባ ለተዛባባቸው፣ ልጅ ለዘገየባቸው፤ አድራሻ ቬሊንግቢ ሰፈር። ከሥሩ እየተቆረጡ የሚወሰዱ የስልክ ቁጥሮች እንደ ዘርፍ ተንጠልጥለዋል። አንዱም አልተቆረጠም። የመጀመሪያውን ብቆርጥ የጎደለው ቦታ ይታያል ብዬ ፈራሁ። በሩን አየሁና ቁጥሩን በሳሙናው ካርቶን ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ገለበጥኩት።

ከቱነልባናው፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ ጣቢያ የሕዝብ ስልክ ደወልኩ። ስዊድንኛዋ ከእኔ ያነሰ ሴት አነሳችው። "ሐሙስ" አለች፤ "ሰባት ሰዓት። ምንም ቡና እንዳትጠጪ።" ዘጋች። እንዲህ ቀላል ስልክ ደውዬ አላውቅም ነበር።

ከዩልስታ ወደ ቬሊንግቢ በአውቶቡስ አቋርጦ መሄድ ይቻላል። አውቶቡሱ ላይ ግን ሁልጊዜ የሚያውቀኝ አበሻ አይጠፋም። ስለዚህ በሰማያዊው መስመር ወደ ከተማ ወርጄ፣ ፍሪድሄምስፕላን ጣቢያ ላይ ወደ አረንጓዴው ቀይሬ እንደገና ወደ ምዕራብ ተመለስኩ። ሰዓት ሙሉ ማለት ይቻላል ፈጀብኝ።

ክፍሏ ከአንድ ጫማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ ነበር። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ከወለል እስከ ጣሪያ የደረሰ ትንንሽ መሳቢያ ያለው ቁም ሣጥን። አርባውን ያለፈች፣ አጭር ፀጉር ያላት፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ናት። በአገሯ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራ እንደነበር ነገረችኝ፤ እዚህ ግን የሐኪም ወረቀት የላትም። እጄን በትንሽ ትራስ ላይ አስቀምጣ ሦስት ጣቶቿን አንጓዬ ላይ አሳረፈች። የአንዱን እጅ ስትጨርስ ሌላውን ያዘች። ያን ያህል ረጅም ጊዜ ሰው እጄን ይዞ የማያውቅ መሆኑን ያሰብኩት እዚያ ነው። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖኝ ነበር አገሩን ከረገጥኩ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የነካኝ ሰው ቢኖር የሚጨብጠኝ ብቻ ነው።

"ምላስ" አለች። አወጣሁ። "ነጭ" አለች።

ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። ሁለታችንም ስዊድንኛችን አጭር ስለነበር ጥያቄውም መልሱም አጭር ነበር፤ ለማፈር የሚበቃ ቃል አልነበረንም።

"እግር ይቀዘቅዛል?"

"ይቀዘቅዛል።"

"ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?"

"አንዳንዴ ስምንት። ሌሊት።"

"ቁርስ?"

"አልበላም። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ እጾማለሁ። በቅርቡ ሌላ ጾም ይገባል፤ ከአርባ ቀን በላይ።"

"ስትበዪ፣ ከማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

ይህንንም እንደ ምላሴ ቀለም ከሌሎቹ ምልክቶች ተርታ ጻፈችው።

በቻይናውያኑ አስተሳሰብ ማኅፀኔ ቀዝቅዟል፤ ደሜም አንሷል፤ ያነሰ ደም ደግሞ የሚፈስ ትርፍ የለውም። እንዲህ ስትል ምንም አልተጠራጠረችም። እኔ በቁጥር የተማርኩ ነኝና ጠረጠርኩ፤ ነገር ግን ሰባት ወር ሙሉ ስለ ሰውነቴ አንድ ዓረፍተ ነገር የነገረኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። እግሬን ማታ ማታ በሙቅ ውሃ እንድዘፈዝፍ፣ ከአራት ሰዓት በፊት እንድተኛ፣ ቀዝቃዛ ነገር እንድተው፣ እንቁላልና የአጥንት ሾርባ እንድወስድ አዘዘችኝ። ከመሳቢያዎቹ እየዘገነች የተቆራረጠ ቢጫ ሥር፣ የዛፍ ልጣጭ፣ የተጨማደደ ቀይ ፍሬና እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነገር በወረቀት ከረጢት ሞላችልኝ። የሁለት ሳምንት ነው።

"በብረት ድስት አይሆንም" አለች፤ ጣቷን አነሳች። "ሸክላ። ሸክላ ብቻ።"

ከወጣሁ በኋላ እንደገና ጠራችኝና ከደረጃው አናት ሆና ጨመረች፤ "ሆስፒታልም ሂጂ። የደም ምርመራ። እኔ የማላየውን እነሱ ያያሉ።"

ይህ ሁለተኛው ትእዛዝ ነው ያስቸገረኝ። በሚያዝያ ሳል ይዞኝ የሰፈራችን ቮርድሴንትራል፣ ማለትም ጤና ጣቢያው፣ ሄጄ ነበር። ሳልጠይቃቸው አስተርጓሚ ቀጥረው ጠበቁኝ። አስተርጓሚዋ ክፍል ካከራዩኝ ሴት ጋር በአንድ ጉባኤ የምታመልክ ሆና ተገኘች። ስለ ሳል ችግር የለውም። ስለዚህኛው ግን? ከቬሊንግቢ በተመለስኩ ማግስት ከሕዝብ ስልክ ደወልኩላቸው። ነርሷ አነጋገሬን ሰምታ "አስተርጓሚ እንይዝልሻለን፤ ቀጠሮውን በፖስታ እንልካለን" ስትል ስልኩን ቀስ ብዬ ሰቀልኩት። ፖስታውን ከበሩ ሥር የሚያነሱት አከራዬ ናቸው። በአገራችን የወር አበባዋ የቀረባት ያላገባች ልጅ ምን ተብላ እንደምትታሰብ አውቃለሁ።

አከራዬ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ በአረጋውያን መኖሪያ የሚሠሩ ሴት ነበሩ። ባልም ልጅም የላቸውም። የእሳቸው ክፍል በኮሪደሩ አንድ ጫፍ፣ የእኔ በሌላው ነው፤ መካከሉ ላይ ስልኩና የሥራ ተራቸውን የሚጽፉበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አለ። እሳቸው ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ። ሲያልፉ ሲያገድሙ ይተነኩሱኛል፤ "አንቺ ልጅ፣ ይህን ጾምሽን ቀንሺ። ነፋስ በወሰደሽ ቁጥር ቴንስታ ሰፈር ድረስ ሄጄ ላመጣሽ አልችልም።" እኔ ፈገግ ብዬ ክፍሌ እገባለሁ። አስቀያሚ ነገር ተናግረውኝ አያውቁም፤ ግን እንዴት እንደሚቀረቡ አላውቅበትም ነበር።

ሸክላ ድስት ነበራቸው። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አገር ቤት ሲሄዱ ገዝተው፣ አውሮፕላን ውስጥ ጭናቸው ላይ አቅፈው ያመጡት ነው። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ይቀመጣል፤ ለእንግዳ ካልሆነ አይወርድም። ልጠይቃቸው ይገባኝ ነበር። "ለምን ፈለግሽው?" ሲሉኝ የምመልሰውን ፈርቼ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ጠዋት ሥራ ሲወጡ ጠብቄ አወርደዋለሁ። ሥሩን ግማሽ ሰዓት እዘፈዝፋለሁ፤ አፈላለሁ፤ አጠላለሁ፤ ውሃ ጨምሬ ሁለተኛ አፈላለሁ። የኅዳር ብርድ እየገባ መስኮቱን ሁለት በኩል እከፍታለሁ። ሽታው የዝናብ አፈርና የቆየ መጽሐፍ ይመስላል፤ ጣዕሙን በልጅነቴ አንድ ጊዜ ካጠጡኝ ኮሶ በቀር የሚስተካከለው የለም። አተላውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከቆሻሻው ሥር እቀብራለሁ። ድስቱን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ እጀታው ወደነበረበት አቅጣጫ ዞሮ እንዲቀመጥ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ጠንቃቃ ነኝ ብዬ በራሴ እተማመን ነበር። ሸክላ ላይ ወጥ ሠርቼ ስለማላውቅ፣ ሸክላ የጠጣውን እንደማይለቅ አላወቅኩም።

እንቁላልና ሾርባውን አላደረግኩትም። እግሬን ግን ማታ ማታ በባልዲ እዘፈዝፍ ነበር፤ በጊዜም መተኛት ጀመርኩ። ከዚያ ሁሉ ምኑ እንደጠቀመኝ፣ ምኑ እንዳልጠቀመኝ ዛሬም መለየት አልችልም፤ አንድ ሰው ብቻ ያለበት ናሙና ምንም እንደማያረጋግጥ ተምሬያለሁ። የማውቀው፣ ያን መራራ ነገር ጠዋት ጠዋት ስጠጣ በቀን ውስጥ ለራሴ ያደረግኩት አንድ ነገር እንደነበረ ነው።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሴትዮዋ አንጓዬን ይዛ "ሆስፒታል?" አለችኝ።

"ገና ነኝ።"

ሁለተኛውን ከረጢት ሰጠችኝ። ቁም ሣጥኗን ግን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። "ሦስተኛ የለም። ከሆስፒታል ወረቀት ካልመጣ ሦስተኛ የለም።"

"ለምን?"

"ከሥር ሌላ በሽታ ካለ፣ እኔ ሻይ እያፈላሁ ጊዜሽን እበላለሁ። ጊዜ ደግሞ ለሴት..." ቃሉን በስዊድንኛ አጣችው። በእጇ አንድ እየጠበበ የሚሄድ ነገር አሳየችኝ።

ከረጢቱ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው እሑድ ሆነ። ያ እሑድ ደብተሬ "ቅሪ" የሚለኝ ነበርና ቤት ዋልኩ። የነቢያት ጾም ከገባ ሳምንት አልፎታል። ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ በየመስኮቱ የገና መብራት ተደርድሯል። አከራዬ ከጉባኤያቸው ሲመለሱ ሦስት እንግዶች እንደሚመጡ ነገሩኝ።

"አንቺም ትወጪና አብረሽን ትበያለሽ" አሉ። "ለአንቺ ብዬ የጾም ነው የምሠራው። ሽሮ፣ በሸክላው።"

ልናገር አፌን ከፈትኩ። "እሺ እትዬ" ነው የወጣው።

ክፍሌ ገብቼ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ሰማሁ፤ ማማሰያው ሲዞር ሰማሁ። እየዘመሩ ነበር የሚሠሩት። ከዚያ ዝማሬው መሃል ላይ ተቋረጠ። የቆሻሻ መጣያው በር ተከፈተ፤ ጋዜጣ ተንኮሻኮሸ፤ መስኮት ተከፈተ። በሩ ሲደወል አከራዬ ለእንግዶቹ በኮሪደሩ ላይ "ሽሮው አረረብኝ፤ ዛሬ በፍርፍር ታገሡኝ" ሲሉ ሰማኋቸው። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነው። እኔን አልጠሩኝም። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የአራት ሰው ሳቅና ጸሎት በግድግዳው በኩል እያዳመጥኩ ተቀመጥኩ።

እንግዶቹ ከወጡ በኋላ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ በሬ ተንኳኳ። አከራዬ ድስቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡና ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ድስቱን ጭናቸው ላይ አደረጉት፤ አውሮፕላኑ ላይም እንዲሁ ይዘውት ይሆናል።

"ይኼ ምንድን ነው?" አሉ።

"ድስት።"

"ድስት መሆኑንማ እኔ ነኝ የገዛሁት።"

የአልጋ ልብሱን ጠርዝ አስተካከልኩ።

"ሽሮዬ ሬት ሬት አለኝ። መጀመሪያ ምላሴ ነው የታመመ ብዬ ጸለይኩበት። ከዚያ ድስቱን አሸተትኩት።" ከኪሳቸው የጋዜጣ ጥቅልል አወጡ፤ ውስጡ የእኔ አተላ ነው። "በሳሙናም አጥበሽዋል አይደል? ሳሙናውንም ጠጥቶታል። የሳሙና ሽሮ በልቼ አላውቅም ነበር።"

"ይቅርታ እትዬ። አዲስ እገዛልዎታለሁ..."

"የድስት ነገር አይደለም ያመጣኝ።" ድምፃቸው ተለወጠ። ወደ በሩ ዞር አሉ፤ ከሁለታችን በቀር ሰው በሌለበት ቤት። "ስሚኝ ልጄ። አልቆጣሽም። አባቱ ማን ነው ብዬም አልጠይቅሽ። ይህን ነገር ብቻ ተይው፤ አትጠጪው። ውለጂው። ትምህርትሽን ጨርሺ፤ እኔ አሳድግልሻለሁ። ሌላ ምንም አትበዪኝ፤ እሺ በዪኝ።"

ምን እያሉኝ እንደሆነ ሲገባኝ ጆሮዬ ጋለ። ዝምታዬን እምቢታ አድርገው ወሰዱት መሰለኝ፣ ድስቱን ጠበቅ አድርገው ያዙት።

"ሽታውን የማላውቀው ይመስልሻል?" አሉ። "አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንዲት ሴትዮ ሥር ቀቅላ ሰጠችኝ። እንደዚሁ አፈር አፈር ነው የሚለው። ጠጣሁት፤ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አግብቻለሁ፤ አንድም ጊዜ አልያዝልኝም። ይህን ለጌታ እንጂ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለአንቺ መናገሬ እኔ ያጠፋሁትን አንቺ እንዳታጠፊ ነው።"

ዓመት ሙሉ በአንድ ኮሪደር ሁለት ጫፍ ኖረናል። እኔ እሳቸው እንዳይሰሙኝ መስኮት እከፍት ነበር፤ እሳቸው ለካ በሌላው ጫፍ ይህን ይዘው ይተኙ ነበር።

"እትዬ" አልኩ፤ "ልጅ የለም።"

"አትዋሺኝ።"

"እውነቴን ነው። ከወንድ ጋር ኖሬ አላውቅም። ደሜ ነው የቀረው። ከመጋቢት ጀምሮ። ይኼ መድኃኒት የሚያስወርድ አይደለም፤ ደሜን እንዲመልስልኝ ነው የምጠጣው። ልጅ ላልወልድ እችላለሁ ብዬ ነው የፈራሁት።"

የመጨረሻውን ስናገር ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ተሰማኝ። በአማርኛም፣ በስዊድንኛም፣ በጸሎትም ብሎት የማያውቅ አፍ ነው ያለው።

አከራዬ አዩኝ፤ ሆዴን አዩ፤ ድስቱን አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ መሰለኝ፤ ሳቅ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሳቁ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነ፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

"እኔ እኮ" አሉ፣ "እንግዶቹ ሲበሉ ቁጭ ብዬ ስም አውጥቼለት ነበር።"

"ምን ብለው?"

"ተይው። ለሌላ ጊዜ ይቀመጥ።"

ከዚያ ስለ ቬሊንግቢዋ ሴት ነገርኳቸው፤ አንጓዬን ስለመያዟ፣ ሦስተኛውን ከረጢት ስለመከልከሏ፣ ሆስፒታል ስለማለቷ።

"ትክክል ነው ያለችሽ። ታዲያ ምን ያስቀምጥሻል? አራት ሳምንት ሊሆነው!"

"አስተርጓሚ ይይዙብኛል። አስተርጓሚዋ ደግሞ የእርስዎ ጉባኤ ናት።"

አሰቡ። ከንፈራቸውን ነከሱ። "እሷ እንኳ" አሉ፣ "ማክሰኞ የሰማችውን ረቡዕ የጸሎት ርዕስ ብላ ታቀርበዋለች።" እኔም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። "ግን አንቺ ምን ያደርግልሻል አስተርጓሚ? በስዊድንኛ ፈተና የምትፈተኚ ልጅ!"

"ቃሉ አይወጣልኝም።"

"እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ሳጥብ ያልተናገርኩት ቃል የለም። በይ፣ እኔ ነርሷ ነኝ።" ጀርባቸውን ቀጥ አደረጉና አፍንጫቸውን ወደ ላይ አንስተው በስዊድንኛ "በምን ልርዳሽ?" አሉኝ።

"እ... ሰላም..."

"ሰላም ብሎ በሽታ የለም። ምን ሆነሻል?"

"የወር አበባዬ..." ወደ ወለሉ ተናገርኩ።

"አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ከባድ ነው፤ ስዊድናዊት ነኝ።"

አራት ጊዜ አስባሉኝ። በአራተኛው ዓይናቸውን እያየሁ አልኩት። ድስቱን ከጭናቸው አንስተው አልጋዬ ላይ፣ አጠገቤ አስቀመጡት። "ይኼ ከእንግዲህ ያንቺ ነው" አሉ። "ሽሮዬን ገድሎታል፤ እስቲ አንቺን ያድን።" በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። "እኔ የነገርኩሽን..."

"አልሰማሁም እትዬ" አልኩ። "ጆሮዬ ከባድ ነው።"

በማግስቱ ጠዋት የነቃሁት በሥሩ ሽታ ነው። ወጥ ቤት ስገባ አከራዬ ቀድመውኝ ዘፍዝፈው ጥደውታል፤ የዚያን ቀን የሥራ ተራቸው ከሰዓት በኋላ ነበር። መስኮቱ ዝግ ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ የተቀቀለ እንቁላል በትንሽ ሰሃን ተቀምጧል።

"ጾም ነው እኮ እትዬ።"

"በሽተኛ አይጾምም።"

"የንስሐ አባቴን ልጠይቅ።"

"ጠይቂ። እንቁላሉ የትም አይሄድም።" አንሥቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስልኩን አነሳሁ። ብዙ ጠራ። ነርሷ አነሳች፤ ምናልባት ያችው ራሷ ትሆናለች። ስሜን ተናግሬ ሳልጨርስ "አስተርጓሚ እንያዝልሽ?" አለችኝ። አከራዬ የድስቱን ክዳን ይዘው የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል፤ ወደ እኔ እንዳያዩ ብለው መስኮቱን ነበር የሚያዩት።

"አያስፈልገኝም" አልኩ። "ራሴ እናገራለሁ።" ከዚያም የወር አበባዬ ከሰባት ወር በላይ እንደቀረ፣ እርጉዝ እንዳልሆንኩ፣ የደም ምርመራ እንደምፈልግ፣ አንዱን ቃል ከሌላው ቀጥዬ፣ ግድግዳውን ሳይሆን ስልኩን እያየሁ ነገርኳት። ነርሷ ምንም አልተደነቀችም። ቁልፍ ስትነካ ሰማሁ። "ሐሙስ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል" አለች። "ቀጠሮውን በፖስታም እንልካለን።"

"ይላኩልኝ" አልኩ።

ስልኩን ሰቅዬ ከቀን መቁጠሪያው የተንጠለጠለውን እስክሪብቶ አነሳሁ። ሐሙስ በሚለው ሳጥን ውስጥ፣ ከአከራዬ የሥራ ተራ በታች፣ ሰዓቱንና "ሐኪም ቤት" የሚለውን በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ የድስቱን ክዳን ከእጃቸው ተቀበልኩ።